በሰው ስልክ ሞጣ ገባሁ

የሰው ስልክ ሳዳምጥ የምውል ሰው ነኝ። ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ቢቸና ተቀምጦ «የሰው ስልክ አልሰማም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ከከተማው ወጥቷል፣ ወይ እየዋሸ ነው። የእኛ አገር ሰው በስልክ የሚጮኸው በርቀቱ ልክ ነው። ደጀን ላለ ዘመድ መጠነኛ ጩኸት ይበቃል፤ ለአዲስ አበባ ከመቀመጫ መነሣት ያስፈልጋል፤ ልጇ አረብ አገር ያለች እናት ስታወራ ደግሞ ስልኩን ብትዘጋው እንኳ ድምፅዋ በራሱ እግር ሄዶ የሚደርስ ይመስለኛል።

ጩኸቱ ብቻ ቢሆን እንዴት በታደልን! ቁርሱን ገና እያዘዘ፣ ዓይኔ እያየው፣ «ግንደወይን ደርሻለሁ፤ መጣሁ፣ መጣሁ» የሚለው አለ። ሚስኮል አድርጎብኝ ስደውልለት «ምነው ጠፋህ? ድምፅህን እንኳ አታሰማም?» እያለ በገዛ ካርዴ የሚወቅሰኝ አለ። ከሁሉ የባሰውን ያየሁት ግን ቀብር ላይ ነው። ካህናቱ ፍትሐት እያደረሱ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እንደ ቆመ፣ ከአንዱ ኪስ የሠርግ ዘፈን ፈነዳ። ባለቤቱ ደንግጦ ያጠፋዋል ብለን ስንጠብቅ፣ እንዳይታወቅበት ብሎ እሱም ከእኛው ጋር ግራ ቀኙን እያየ «ኤዲያ! የማን ባለጌ ነው?» አለ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ሁላችንም ባለጌውን ስንፈልግ ቆየን።

እኔ መምህር ነኝ። ሰው ዝም ማሰኘት እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይሾመኝ የከተማው የስልክ ዳኛ ሆንሁ። ሻይ ቤትም ይሁን መናኸሪያ፣ በስልክ የሚጮህ ካየሁ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «እሽ!» እላለሁ። አንዳንዱ ይገላምጠኛል፤ አንዳንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ ይገኝና ብድግ ይላል። ባለቤቴ አስካለ «አንተ፣ አገሩ ሁሉ ክፍልህ ውስጥ የተቀመጠ ይመስልሃል» ትለኛለች። እኔም ሥነ ሥርዓት የማያውቅ አገር ውስጥ ሥነ ሥርዓት ማወቅ ሸክም መሆኑን አስረዳታለሁ። እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳልጨርስ ወደ ጓዳ ትገባለች።

የዚያን ቀን ለትምህርት ቤት ጉዳይ ወደ ሞጣ መሄድ ነበረብኝና ከቢቸና መናኸሪያ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ቦታ የደረሰኝ ከኋላ ነው። ከጎኔ ሙሉነህ የሚባል የሞጣ ማር ነጋዴ ተቀመጠ፤ ቢቸና ገበያ ስለሚመላለስ እንተዋወቃለን። የሙሉነህ ስልክ በላውድ ስፒከር ካልሆነ አትሰማም። «ማዳመጫዋ ውስጥ ማር ገብቶባት ነው» ይላል። አላሠራትም፤ ለምን ያሠራታል? የሚያፍርበት ነገር የለውም። ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ የቀፎውን ነገር፣ የአማቹን ነገር፣ የወገቡን ሕመም መኪናው በሙሉ ከነመልሱ ሰማ። እሱ ሲያርፍ መሐል ላይ ያሉ ሁለት እህትማማቾች አንዲት ስልክ እየተቀባበሉ ከእናታቸው ጋር ይጨቃጨቃሉ። እነሱ ሲያርፉ አንድ ጎረምሳ ዘፈን ይከፍታል፤ ሹፌሩም በበኩሉ ያን ዘፈን የሚያስንቅ የእስክስታ ዘፈን ለቋል።

«ሙሉነህ» አልሁት በመጨረሻ፣ «እኛ እኮ ጉዳይህን ማወቅ አንፈልግም።»

«ምን ጉዳይ አለኝ ብለህ ነው መምህር? ሰርቄ የሸጥሁት ማር የለ!» አለኝና ስልኩን ኪሱ ከተታት። ወዲያው ጮኸች። አወጣት።

«ሙሉነህ፣ የት ደረስህ?» አለ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ።

«ደብረ ወርቅን አለፍን።»

«ብቻህን ነህ?»

ሙሉነህ ጢም ብሎ የሞላውን መኪና ዙሪያውን አየና «አዎ፣ ንገረኝ» አለ።

«ይስማው አረፈ፤ የብርቄ ወንድም። እዚያው ሁመራ ተቀበረ አሉ፤ እኛም የሰማን ዛሬ ጠዋት ነው። ብርቄ አልተረዳችም። ልጇን ልትጠይቅ ቢቸና ሰንብታ በዚያው በናንተ መኪና እየመጣች ነው አሉ። አደራህን፣ መንገድ ላይ እንዳትሰማ። ነገ በማለዳ ቤቷ ሄደን እናረዳታለን። ለሰው ትንፍሽ እንዳትል።»

«ለማን ብዬ እተነፍሳለሁ?» አለ ሙሉነህ።

መተንፈስ አላስፈለገውም። ከመሐል ጀምሮ እስከ ኋላ ያለው ተሳፋሪ ሁሉ ሰምቶታል። ያልሰሙት ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው፤ እነሱም የሹፌሩ ዘፈንና የሞተሩ ጩኸት ስላደነቆራቸው ነው። ሙሉነህ በአገጩ ጠቁሞ አሳየኝ፤ እትዬ ብርቄ ከነሱ ጋር፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጉልበታቸው ላይ ዘንቢል ይዘው፣ ዘፈኑን ሳያውቁት አንገታቸው ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል።

መርዶ በእኛ አገር መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው የሚረዳው በቤቱ ነው፤ በማለዳ፣ ቤተ ሰቡ ሳይበተን፣ ሲወድቅ የሚይዘው ዘመድ በግራና በቀኝ ቆሞ። መርዶ ነጋሪዎቹ ደጅ ላይ ተሰብስበው ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚይዝ ተማክረው ነው የሚገቡት። ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን ሞት ሽማግሌ ሳያስቀድም መግባት ለመደ። ገበያ መሐል፣ ውኃ ቧንቧ ላይ፣ ብቻውን ያለ ሰው ጆሮ ላይ ይገባል። እትዬ ብርቄ ላይ ደግሞ በሚሄድ መኪና ውስጥ ሊገባባቸው ነው። መኪናው ያን አልፈቀደም።

ማንም ሳያዝ ስልኮች መጥፋት ጀመሩ። ስልክ ሲጠፋ የምታሰማት አጭር የስንብት ዜማ አለች አይደል? እሷ ዜማ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ተራ በተራ ወደ ፊት ሄደች። እህትማማቾቹ እናታቸውን መሐል ላይ ዘጉባቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ስመኝ ነው የኖርሁት። ያላጠፋ ካለ ብዬ ብድግ ብዬ በጣቴ እየጠቆምሁ አንዳንዱን ሁሉ አስጠፋሁ።

ችግሩ ደግነት ልክ የሌለው መሆኑ ነው። ወሬው በረዳቱ ጆሮ ሹፌሩ ዘንድ ደረሰና ሹፌሩ እስክስታውን ቀጥ አደረገው። ረዳቱን በምልክት ጠርቼ «ክፈቱት! እትዬ ብርቄ ይጠረጥራሉ» አልሁት። ሄዶ ነገረውና ተመለሰ። «ሰው ሞቶ እንዴት አስጨፍራለሁ? ይላል ሹፌሩ።» «ይክፈተው ብያለሁ!» ሹፌሩም አሰበበትና ሕሊናውንም እኛንም የሚያስታርቅ ነገር አገኘ፤ በገና ከፈተ። ጾም አይደለም፣ ሰንበት አይደለም፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ እኛ በበገና እየቆዘምን ወደ ሞጣ እንጓዛለን።

ከኋላ ያሉት ሴቶች ደግሞ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ላይ አደረጉ፤ የለቅሶ አለባበስ ነው። በጣቴ ገልብጡት ብል አንዷ «ምን አደረግሁ?» ብላ ልብሷን አየችና ራሷም ደነገጠች። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ማብላቱ መጣ። ነገ ከተረዱ በኋላ እህል እንደማይወርድላቸው ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ላጥግባቸው ያለው ሰው በዛ። ዳቦ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ፊት ሄደ። ቆሎ ተከተለ። ብርቱካን ሄደ። ሙሉነህ ለናሙና ከያዘው ማር በብልቃጥ ቀንሶ ላከ።

እትዬ ብርቄ ጉልበታቸው ላይ የተከመረውን እያዩ «ምነው፣ ዛሬ ሰዉ ሁሉ ደግ ሆነሳ!» አሉ። ከዳቦው ቆረሱ። ማኘካቸውን ሁላችንም አየን።

ከዚያ እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሰደዱና ስልካቸውን አወጡ። «እስቲ ኔትወርክ ካለ ለወንድሜ ልደውልለት። ሲያመው ሰንብቷል፤ ትናንትም አላነሣልኝም» አሉ ለሹፌሩ። ሹፌሩ መሪውን ጨብጦ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ሙሉነህ ክርኑን ጎኔ ላይ ሰካብኝና «መምህር፣ አንድ ነገር አድርግ እንጅ!» አለኝ። ዝም ማሰኘት እንጅ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን ተነሣሁ። በሰው እግርና በዶሮ ላይ እየተረማመድሁ ከፊት ደረስሁ።

«እትዬ ብርቄ፣ የሙሉነህ ወዳጅ መምህር ነኝ፤ ስልክዎን ለአንድ አፍታ ቢያውሱኝ? የኔ ባትሪው ሞተ።»

«ሞተ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች፤ ጎረቤቷ በክርኗ ዝም አሰኘቻት።

እትዬ ብርቄ አላመነቱም። «እንኩ መምህር፣ ምን ችግር አለ። ካርድም አላት። ወንድሜ ነው የሚሞላልኝ፤ እሷንም የላከልኝ እሱ ነው።» ትንሽ ስልክ ናት፤ እንዳትቧጠጥ በጨርቅ ከረጢት ተሰፍቶላታል። ከነሙቀቷ እጄ ላይ አስቀመጧት። ያን ጊዜ ሁሉን ትቼ ብወርድ ደስ ባለኝ።

ሞተሩ ላይ ተቀመጥሁና «ሄሎ» አልሁ። ለማንም አልደወልሁም። «አዎ፣ ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ስል ስልኳ እጆሮዬ ላይ ጮኸች። ከሞጣ የተደወለ መሆን አለበት። «ቆይ፣ ሌላ ሰው ገባብኝ» አልሁት ያን የሌለውን ሰው፤ ዘጋሁት። ደግሞ ጮኸች፤ ዘጋሁት። ወሬው አገሩን አዳርሷል፣ ደዋዩ ሊያባራ አይደለም። ያለኝ ዘዴ አንድ ነው፤ መስመሩን እስከ ሞጣ ድረስ እንደ ተያዘ ማቆየት። የማስታውሰው ቁጥር ደግሞ የአስካለን ብቻ ነበር።

«ማን ልበል?» አለች አስካለ።

«እኔ ነኝ።»

«በማን ስልክ?»

«በእትዬ ብርቄ።»

«ብርቄ ማን ናት?»

እትዬ ብርቄ ከጎኔ ተቀምጠው በትሕትና ወደ ውጭ እያዩልኝ ነው። «እሱን ቤት ስመጣ አጫውትሻለሁ» አልሁ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ የከፋ መልስ ሰጥቻት አላውቅም። ግን ጠቀመኝ፤ አስካለ ብርቄን ሳታውቅ ስልኩን እንደማትዘጋ ታወቀ። ሌላ ቀን ሦስት ቃል ሳንለዋወጥ የሚቆርጠው ኔትወርክም የዚያን ዕለት ሥራዬ ብሎ ያዘ።

ምን ይወራል? ለምን እንደ ደወልሁ መናገር አልችልም፣ ዝም ማለትም አልችልም። የሚያፈሰውን ጣሪያ አነሣሁ። የጎረቤታችንን አጥር አነሣሁ። ወሬ ሲያልቅብኝ፣ ባለፈው እናቷ ሊጠይቁን ሲመጡ ራሴን አመመኝ ብዬ የተኛሁት የእውነት አለመሆኑን ነገርኋት፤ ይህን ሰምታ ትዘጋለች እንዴ? ሞተሩ ከሥሬ ስለሚጮህ እኔም እጮሃለሁ። ጎመን እንደማልወድ፣ ነጎድጓድ ሲመጣ አልጋ ሥር ባልገባም አጠገቡ እንደምቆም፣ ሁሉን መኪናው ሰማ። ከኋላ የሙሉነህ ድምፅ መጣ፦ «መምህር! ኧረ ቀስ በል፤ ሰው አለ እኮ!»

ሳቅ ተጀመረና ለቅሶ መሆኑ ትዝ ብሏቸው ዋጡት።

አስካለ እንደ ሌላው ሴት አልጮኸችም። ዝም ብላ ሰማችኝና «ያንተስ ስልክ የታለች?» አለች። «ባትሪዋ ዘግቷል» አልሁ። «እሽ» አለች። የእሷ እሽ ከእኔ እሽ ይለያል። ለካ ከጎረቤት ስልክ ተውሳ በአንድ ጆሮዋ እኔን እየሰማች በሌላ እጇ የእኔን ቁጥር ትመታለች።

ኮቴ ኪስ ውስጥ የትምህርት ቤት ደወል ተደወለ። የስልኬ ጥሪ ነው፤ ጎላ ያለ እንዲሆን ብዬ ራሴ ያስገባሁት። የሰውን ሁሉ ስልክ እየዞርሁ ሳስጠፋ የገዛ ስልኬን ረስቻታለሁ። በዚያ መኪና ውስጥ ሳትጠፋ የቀረች ስልክ የዳኛው ብቻ ነበረች።

እትዬ ብርቄ መጀመሪያ ኪሴን አዩ። ቀጥለው ፊቴን አዩ። ከዚያ ዞር ብለው ወደ ኋላ፣ ዝም ያለውን ተሳፋሪ፣ ተመልሶ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ የሽማግሌውን ባዶ ራስ አዩ። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ዳቦም አዩ።

«ባትሪዎ ነቃ መሰለኝ፣ መምህር» አሉ። ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ መለሱ።

የአስካለን መስመር ዘግቼ ስልካቸውን በሁለት እጄ መለስሁላቸው። አሁን ደውለው ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ያችን የስንብት ዜማ ስሰማ ገለጥሁት፤ እትዬ ብርቄ ስልካቸውን አጥፍተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ብብታቸው ሥር እየከተቱ ነበር። ባትሪ ለመቆጠብ ነው አልሁ በሞኝ ልቤ፤ ተሳካልን ብዬም እግዜርን አመሰገንሁ።

ሞጣ ስንገባ ሙሉነህ ዘንቢላቸውን ይዞ እስከ ቤታቸው ሸኛቸው። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ከመርዶ ነጋሪዎቹ ጋር እኔም ሄድሁ፤ ምሥጢሩን ከተሸከምሁ መርዶውን ማጀብም ነበረብኝ። ደጅ ላይ ተሰብስበን ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚይዝ በሹክሹክታ ስንማከር በሩ ገርበብ ብሎ አገኘነው። ቤቱ ተጠርጓል። አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። እትዬ ብርቄ መሐል ላይ ተቀምጠው፣ በግራና በቀኝ ለሚይዟቸው ሰዎች ቦታ ትተዋል። «ግቡ» አሉ። ከመርዶ ነጋሪዎቹ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀምረው፣ አረፈ እስኪሉ ድረስ እትዬ ብርቄ አንዲት ቃል አላቋረጧቸውም። ከዚያ ጮኹ። ብዙ ለቅሶ ላይ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን ሰምቼ አላውቅም።

ጉዳዬ ሞጣ ስላቆየኝ ሠልስቱን አብሬ ዋልሁ። ሰዉ ሲቀል አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥሁ።

«ባትሪዎ ደህና ነው?» አሉኝ። ዓይናቸው አብጧል፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ሊል ይፈልጋል።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ ብርቄ። በእኔ ስልክ የተነሣ ነው ያወቁት።»

«አይ መምህር! ከዚያ በፊት ነው እንጅ። መኪናው ዝም ያለ ጊዜ ነው ያወቅሁት። ከቢቸና ስንወጣ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳ ነበር። ሰው እኮ ደህና ሲሆን ይጮሃል። ያ ሁሉ ስልክ እንዲያ ቀጥ ሲል፣ ከመሐላችን የአንዱ ቤት ፈርሷል አልሁ። የማን ይሆን ብዬ ሳዝን ቆየሁ። ዳቦው ወደኔ ሲመጣ የኔ መሆኑን አወቅሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ያ ሁሉ ሰው ለኔ ብሎ ስልኩን አጥፍቶ፣ ስንቁን ሰጥቶኝ፣ እርስዎም ገመናዎን አደባባይ አውጥተው ሲደክሙልኝ፣ ሰምቻለሁ ብዬ ላሳፍራችሁ?» ነጠላቸውን ሰበሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ስልኳን ሲመልሱልኝ ልደውል ነበር። ጣቴ ቁጥሩ ላይ ነበረች። ተውሁት። እስካልደወልሁ ድረስ ያነሣል።»

እጃቸውን ሳምሁ።

ወደ ቢቸና ስመለስ የያዝሁት መኪና የተለመደው መኪና ነበር። አንዱ ስለ በሬ ይጮሃል፤ አንዷ ከልጇ ጋር ትሟገታለች፤ ዘፈኑም አለ። አዳመጥሁት። የማንም ቤት አልፈረሰም። ስልኬን አወጣሁና ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ «አስካለ! ደብረ ወርቅ ደርሻለሁ! ደህና ነኝ! ብርቄ ማን እንደሆኑ ቤት ስመጣ አጫውትሻለሁ!» ብዬ ጮህሁ። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ዞረና ፊቱን አጨፍግጎ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽ!» አለኝ።

እንዲህ እንዳማረርህ ያኑርህ አልሁት በልቤ፤ ጩኸቴንም ቀጠልሁ።